ለሪከር ጺም ጊዜ ተሰጥቶት ነበር

ስታር ትሬክ የተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጉዞ የቴሌቪዥን ድራማ ወዳጆች እርስ በርስ ከሚግባቡባቸው ቃላት አንዱ ጺም ነው። ሲንገዳገድ የቆየ ተከታታይ ድራማ መንገዱን ሲያገኝ «ጺም አበቀለ» ይሉታል። አባባሉ የመጣው ከኮማንደር ዊልያም ሪከር ነው። በ1987 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ከስታር ትሬክ ድራማዎች አንዱ የሆነው «ቀጣዩ ትውልድ» ሲጀመር የመንኮራኩሩ ምክትል አዛዥ ሪከር ፊቱን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ነበር፤ ያ የመጀመሪያ ምዕራፍም ዛሬ እንግዳ ፊት የሚከፈት አይደለም። በሁለተኛው ምዕራፍ ጺሙን አሳድጎ ብቅ አለ። ድራማውም እያደር ሰው ሆነ።

አዲስ ስታር ትሬክ በተጀመረ ቁጥር የሚነሳውን ሙግት ስሰማ ይህ ጺም ትዝ ይለኛል። በ2017 «ዲስከቨሪ» ሲመጣ ገና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ፍርዱ ተሰጠ፦ «ይህ ስታር ትሬክ አይደለም»። ፍርዱ ግን አሮጌ ነው። በ1966 በተጀመረው በመጀመሪያው ድራማ ያደጉ ሰዎች ካፒቴን ከርክን ትተው፣ የ«ቀጣዩ ትውልድ»ን ፒካርድን፣ ፈረንሳዊ ነኝ እያለ በእንግሊዝ ቅላጼ የሚናገር ራሰ በራ ካፒቴን፣ መቀበል ጭንቅ ሆኖባቸው ነበር። በ1993 «ዲፕ ስፔስ ናይን» ሲጀመር ደግሞ፣ ታሪኩ መንኮራኩር ላይ ሳይሆን አንድ የጠፈር ጣቢያ ላይ በመሆኑ «የትም የማይሄድ ጉዞ» ተብሎ ተቀለደበት። ዛሬ ያንኑ ጣቢያ ከሁሉም የሚያስበልጡት ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ። ተከሳሹ ይቀያየራል እንጂ ክሱ አንድ ነው።

የድሮውን ከአዲሱ የሚያወዳድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተነፋ ዱቄት ካልተነፋ ጋር እየመዘነ ነው። የመጀመሪያው ድራማ 79 ክፍሎች አሉት። በሙግት መሐል ስማቸው የሚጠራው ግን አሥር ቢሆኑ ነው። በ1968 ድራማው ሊቋረጥ ነው ሲባል ተመልካቾች ጣቢያውን ኤንቢሲን በደብዳቤ አጥለቅልቀው ሦስተኛ ምዕራፍ አስገኙ። የተዋጉለት ምዕራፍ አርብ ሌሊት፣ ወጣቱ ሁሉ ከቤት በሚወጣበት ሰዓት ተመደበ። የመክፈቻው ክፍልም «የስፖክ አንጎል» ነበር። የባዕድ ዓለም ሴቶች የከርክን ምክትል የስፖክን አንጎል ሰርቀው ይሄዳሉ፤ ዶክተር ማኮይ የቀረውን አካል እንደ መጫወቻ መኪና በርቀት መቆጣጠሪያ ያስኬደዋል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ታሪኩ እንዲያ ነው። «ዲስከቨሪ» እንዲህ ያለ ነገር አቅርቦ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ይቅር ባልተባለ ነበር።

«አዲሶቹ ፖለቲካ አበዙ» የሚለው ወቀሳ ደግሞ ከሁሉም ይገርመኛል። በጥር 1969 በተላለፈ አንድ ክፍል ሁለት ሰዎች እስከ ሞት ይፋለማሉ። የሁለቱም ፊት እኩሌታው ጥቁር፣ እኩሌታው ነጭ ነው። ከርክና ስፖክ የጠባቸው ምክንያት አልገባቸው ይላል። አሳዳጁ በንቀት ያስረዳቸዋል፦ እኔ በቀኜ ጥቁር ነኝ፣ ያ ግን በቀኙ ነጭ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ ዓመት ባልሞላበት አሜሪካ የተነገረ ነው። ቅኔም አይደለም፤ ሰሙ ራሱ ወርቅ ነው። ያንን ወዶ ያደገ ሰው ዛሬ መልእክት በዛብኝ ቢል፣ የበዛበት መልእክቱ ነው ወይስ ዕድሜው?

እዚህ ላይ ግን ለድሮው ወዳጆች ልመልስላቸው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የጎደለ ነገር እንዳለ ይሰማቸዋል፤ ስሜታቸውም ትክክል ነው። የጎደለው ግን ድፍረት ወይም ጥሩ ደራሲ አይመስለኝም። ክፍል ነው። የክፍል ብዛት።

«ቀጣዩ ትውልድ» በዓመት 26 ክፍል ያወጣ ነበር። ሁለተኛው ምዕራፍ በ1988ቱ የደራሲያን አድማ ሳቢያ ወደ 22 ወረደ፤ የመጨረሻው ክፍል ሪከር አልጋ ላይ ተኝቶ ያለፉትን ክፍሎች በሕልሙ የሚያይበት፣ ከቅንጥብጣቢ የተሰፋ ነበር። ከዚያው ከተጎሳቆለ ምዕራፍ ግን በየካቲት 1989 «የሰው መለኪያ» ወጣ። አንድ ሳይንቲስት ሰው ሠራሹን መኮንን ዴታን ፈታትቶ ሊመረምረው ይፈልጋል። ዴታ እምቢ ይላል። ጉዳዩ ችሎት ይቀርብና ዴታ ንብረት ነው ብሎ የመከራከሩ ዕጣ በጓደኛው በሪከር ላይ ይወድቃል። ሪከር ለክርክሩ ሲዘጋጅ የዴታን ንድፍ ያገላብጣል፤ ማጥፊያ ቁልፉን ያገኛል፤ ፈገግ ይላል። ወዲያው ምን እንዳገኘ ሲገባው ፈገግታው ፊቱ ላይ ይሞታል። አንድም ቃል አይናገርም። በማግስቱ ችሎት ፊት ቁልፉን ሲጫን ዴታ ጠረጴዛው ላይ ድፍት ይላል።

ይህን የጻፈችው ሜሊንዳ ስኖድግራስ ጠበቃ ነበረች፤ ጽሑፉንም ማንም ሳያዝዛት ነበር የላከችው። ያኔ ድራማው ክፍል ይርበው ነበር። የራበው ደግሞ በሩን ይከፍታል። ሮናልድ ሙርም በሦስተኛው ምዕራፍ የገባው በዚሁ በር ነው፤ ኋላ ከ«ዲፕ ስፔስ ናይን» ዋና ደራሲዎች አንዱ ሆነ።

በአዲሶቹ ድራማዎች ምዕራፉ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ብዙ ገንዘብ ይወጣል፣ ሥዕሉ ከሲኒማ አያንስም፣ ግን አንዱም መሳሳት አይፈቀድለትም። ስለዚህ «ዲስከቨሪ» በየምዕራፉ ማለት ይቻላል ጽንፈ ዓለሙን ወይም አብዛኛውን ከጥፋት ማዳን ነበረበት። መርከበኞቹ ሥራ ፈተው የሚቀመጡበት፣ የማይረባ ነገር የሚያወሩበት ተራ ማክሰኞ የላቸውም። ከካፒቴኑ ኋላ የሚቀመጡትን ሰዎች ስም ለመያዝ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ለዚህ ይመስለኛል።

ሌላው አዲስ ድራማ «ስትሬንጅ ኒው ወርልድስ» ወደ ድሮው ልማድ ለመመለስ ሞክሯል፤ እያንዳንዱ ክፍል በራሱ ያልቃል። በ2023 አንዱን ክፍል ከዳር እስከ ዳር በዘፈን ሠሩት። እኔ ወደድኩት፤ የተቆጡም አልጠፉ። የተቆጡትን ግን አልፈርድባቸውም። በድሮው ጊዜ ከ26 አንዱ ነበርና ያልወደደው ሰው ሳምንት ይጠብቃል። አሁን የዓመቱ አንድ አሥረኛ ሄደ ማለት ነው፤ ቀጣዩ ምዕራፍ የመጣውም በሐምሌ 2025፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው።

በዚያው በ2023 በካፒቴኑ ስም የተጠራው ድራማ «ፒካርድ» በሦስተኛው ምዕራፉ የ«ቀጣዩ ትውልድ»ን ሰዎች በሙሉ መልሶ ሰበሰባቸው። አዲስ ነገር አይጥመንም ይሉ የነበሩት ሳይቀሩ እልል አሉ። ታሪኩ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ከበው ካርታ ይጫወታሉ፣ ልክ በ1994 እንደተለያዩበት። በ1987 ስታር ትሬክ አይደሉም የተባሉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሪከርም አለ፤ ጺሙ ሸብቷል።