የኮርቻ ከፍታ ከመሬት አይለካም

አዲስ የትራያትሎን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚደረጉበት ውድድር) ብስክሌት ለገዙ ሰዎች «ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ሁለቱም እግሮቻችሁ መሬት ካልረገጡ፣ ብስክሌቱ ልካችሁ አይደለም» የሚል ምክር ሲሰጥ እያየሁ ነው። እንዳይወድቁ ታስቦ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ልክ አይደለም።

የኮርቻ ከፍታ የሚለካው ከፔዳሉ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እንኳ ከአስፋልቱ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ እግራችሁ እዚያ በደንብ ከተዘረጋ፣ ተቀምጣችሁ መሬቱን በሙሉ እግር መርገጥ አትችሉም።

ቤት ውስጥ ሞክሩት። የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ፣ ግድግዳ ተደገፉ፣ ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አሽከርክሩ። ታች ሲደርስ ጉልበታችሁ ቀጥ ይበል፤ ዳሌያችሁ ግን ወዲያና ወዲህ አይወዛወዝ። ከዚያ የእግራችሁን ፊተኛ ክፍል ስታስቀምጡ ጉልበታችሁ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ይታጠፋል። ይህ መነሻ ነው፤ በመሪው ላይ ባለው የክንድ ማሳረፊያ ጎንበስ ስትሉ አቀማመጣችሁ ስለሚለወጥ ቀሪውን ባለሙያ ቢያየው ጥሩ ነው።

ኮርቻው ዝቅ ሲል መዘዙ ለጉልበት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ከልክ በላይ ይታጠፋል፣ ፊት ለፊቱን ያማል። በግማሽ አይረንማን (ረጅም የትራያትሎን ውድድር) ደግሞ ከ90 ኪሎ ሜትር ግልቢያ በኋላ 21 ኪሎ ሜትር ሩጫ አለ።

ስትቆሙ ከኮርቻው ወደ ፊት ውረዱና አንድ እግር መሬት አድርጉ።