ይድረስ ለክቡር መቶ ከመቶ

ጉዳዩ፦ በልጄ ካርድ ላይ ስለመገኘትዎ

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? መጠየቄ ለወጉ ነው እንጂ ደኅንነትዎን በየቀኑ በዓይኔ አያለሁ። ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ከፍ ብለው፣ ከሠርጋችን ፎቶግራፍ ጎን፣ በፍሬም ተሰቅለዋል። አማርኛ መቶ፣ እንግሊዝኛ መቶ፣ ሒሳብ መቶ፣ አካባቢ ሳይንስ መቶ። የሰውነት ማጎልመሻም መቶ፤ ትምህርት ቤቱ ሜዳ የለውም። ግብረ ገብም መቶ፤ የግብረ ገቡን የቤት ሥራ የሠራሁላት እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የቅዳሜው ነገር ነው።

ቤት ቀየርን። ለምን እንደሆነ የተከራየ ሁሉ ያውቀዋልና አልዘረዝርም። ቤት ሲቀየር ትምህርት ቤትም መቀየሩ ግድ ሆነና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄን ይዤ አዲሱ ትምህርት ቤት በር ላይ ተሰለፍኩ። ሠላሳ አራተኛ ነበርኩ። የልደት ምስክር ወረቀት ከነቅጂው፣ መሸኛ፣ አራት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ካለፈው ትምህርት ቤት ዕዳ እንደሌለብኝ የሚገልጽ ወረቀት፣ ሁሉም በአቃፊ ውስጥ ነው። እርስዎን ግን አቃፊ ውስጥ አላስገባሁዎትም። ዝናቡ እንዳይነካዎት በፕላስቲክ አቅፌ ደረቴ ላይ ይዤዎት ነበር፤ ከኋላዬ የተሰለፈም በቀላሉ ሊያይዎት ይችላል። ከፊቴ የነበረችው እናት ዞር ብላ አየችዎትና ሳልጠይቃት «የእኔም ልጅ እንደዚሁ ነው» አለችኝ። ደስ አላለኝም።

አራት ሰዓት ገደማ ተራዬ ደረሰ። ካርዱን ለመዝጋቢዋ በሁለት እጄ አቀረብኩ። ግርጌውን አየች፣ ማኅተም አለው፤ ክምሩ ላይ ጣለችው።

«ውጤቱን አያዩትም እንዴ?» አልኳት።

«ምን ይታያል ወንድሜ? ከጠዋት ጀምሮ መቶ ያልሆነ አልመጣም። ክፍል ሰባት ግቡ፣ ትፈተናለች።»

ክፍል ሰባት ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ ጠመኔ እጅጌያቸው ላይ የቀረባቸው ጎልማሳ መምህር ተቀምጠዋል። በሩ አይዘጋም፤ ተረኞቹ ወላጆች ደፉ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር ተደርድረው ያዳምጣሉ። መምህሩ ስለ አንዲት ጦጣ የተጻፈ አንድ ገጽ ሰጧትና «እስቲ አንብቢልኝ የኔ ልጅ» አሏት። ልጄ የወላጆች ቀን መድረክ ላይ እንደምትቆመው ቀጥ ብላ ቆመች። «አንድ ቀን» ብላ ጀመረች። ልቤ ሞላ። ከዚያ ቆመች። ወረቀቱን ጠጋ፣ ራቅ አደረገችው። ቀጥሎም ያለ አንዳች መደናቀፍ «ጦጣ ዛፍ ላይ ወጥታ ሙዝ በላች» አለች።

«ሥዕሉን አይደለም፣ ጽሑፉን» አሏት መምህሩ፤ በቁጣ አልነበረም።

ጽሑፉ ላይ ሙዝ የሚባል ነገር የለም። ልጄ «ጦ» ብላ፣ «ጦጣ» ብላ፣ «ጦጣዪቱ» ላይ ሳትደርስ ቀረች። መምህሩ ወረቀቱን ቀስ ብለው ወሰዱባትና ወደ ሒሳብ ተሻገሩ። «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?»

ልጄ አሰበች። ጣሪያውን አየች፣ እኔን አየች፣ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ምርጫው የታለ?»

ሳቅኩ። አብሮኝ የሳቀ ሰው አልነበረም። አግዳሚው ላይ ያለችው ያቺ እናት እንኳ አልሳቀችም፤ የልጇን እጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

መምህሩ ጥፋተኛው እሳቸው የሆኑ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አራተኛ ክፍል ባትገባ ይሻላል፤ ሦስተኛን ብትደግም…» አሉኝ። ያን ጊዜ ልጄ እጅጌዬን ሳበችኝ። «አባዬ፣ እኔ እኮ አንደኛ ነኝ። ንገራቸው።»

አልነገርኳቸውም። ጎንበስ ብዬ ያልተፈታ የጫማዋን ማሰሪያ አሰርኩ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ «እርስዎ» እያልኩ የምቀጥልበት አንጀት የለኝም።

አንተ ነህ የዋሸኸኝ። ልጄ ማንበብ አለመቻሏን ሊነግረኝ የሚችል በዓመት አንድ ወረቀት ነበረኝ፤ እሱንም አንተ ሞላኸው። እኔ ከሥራ ማታ ሁለት ሰዓት የምገባ ሰው ነኝ፤ ደብተሯን ስገልጥ በቀይ እስክሪብቶ ትክክል፣ ትክክል፣ ትክክል ይላል። 42 ተብሎ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ እቆጣ ነበር፣ አዝን ነበር፣ ከዚያ ግን በየማታው አብሬያት እቀመጥ ነበር። ከ42 ጋር የሚሠራ ሥራ አለ። ካንተ ጋር ምን ይሠራል? ፍሬም ይገዛልሃል። የስምንት ዓመት ልጅ በሰው ፊት እንዲያ ስትሆን አንተ የት ነበርክ? ክምሩ ላይ፣ ከወንድሞችህ ሥር!

ይቅርታ። ወደ «እርስዎ» እመለሳለሁ፤ ያደግኩት በሥርዓት ነው።

አንደኛነቱን በተመለከተ፣ ሰኔ 30 ቀን ልጄ ስትጠራ ባለቤቴ እልል አለች። ከዚያ ሌላ አንደኛ ተጠራ። ከዚያ ሌላ። ከአርባ ሁለቱ የክፍሉ ልጆች አሥራ ዘጠኙ አንደኛ ወጡ። ሁለተኛ የሚባል አልነበረም፤ ቀጥሎ የተጠራው ሃያኛው ነበር። ምስኪን፣ አማካዩ 99.8 ነበርና እያለቀሰ ወጣ። የሽልማቱን ደብተር የገዛነው እኛው ነን፣ በመዋጮ።

ስለ መዋዕለ ሕፃናቱ ምረቃ ጋዋን ኪራይ ዝም እላለሁ።

ስምዎ በሌላ ቦታም ሲጠራ እሰማለሁ። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ፣ ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በዓመቱ ከመቶ 3.2። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ደግሞ 1,328። በ2016 ከመቶ 5.4 ሲሆን መሻሻል ተባለ። «ከመቶ» ሲባል ሰምተዋል? እዚያ ግን ከታች ሆነው ነው፣ አካፋይ ሆነው። እኔ ያን ዜና ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሰምቼ «ምን ዓይነት ትውልድ ነው!» ብዬ ራሴን ነቅንቄያለሁ። እነዚያ ልጆችም ሦስተኛ ክፍል ነበሩ፤ ስንቱ ሳሎን ውስጥ ተሰቅለው ኖረው ይሆን?

መምህሯን አልከስም። ሰኞ ዕለት ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋት። እንደ ሰው ተሳሳምን፤ እንደ ሰው ደግሞ ጠየቅኳት። «ከዘጠና በታች የሰጠ ምክንያቱን በጽሑፍ ያቀርባል፤ መቶ የሰጠን ማንም አይጠይቀውም» አለችኝ። ልጁ ዝቅ ያለ ውጤት ካመጣ ወላጅ ልጁን ይዞ ይሄዳል፣ ወላጅ ከሄደ ክፍያ ይሄዳል፣ ክፍያ ከሄደ እሷ ትሄዳለች። ታክሲው መጣና ተሳፈረች። ከመግባቷ በፊት ግን አንድ ነገር ጣል አደረገች፦ «እርስዎስ የካቲት ላይ አልመጡም?»

መጥቻለሁ።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ ሲሰጥ ሒሳቧ 88 ነበር። ሥራ አስፈቅጄ፣ ባለቤቴን አስከትዬ፣ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ ጠረጴዛ መታሁ። የምከፍለውን ገንዘብ ጠቀስኩ። የእህቴ ልጅ ሌላ ትምህርት ቤት መቶ ማምጣቷን ጠቀስኩ። በማግሥቱ ልጄ ካርዷን እያውለበለበች መጣች፤ እርስዎ እዚያ ነበሩ። የማጥፊያው ሽታ ገና አልለቀቀዎትም ነበር።

አልጠላዎትም። ሃያ ቃል ተጠርቶላት ሃያውንም በትክክል ከጻፈች ይምጡ፣ ቡና ይፈላልዎታል። ነገር ግን ለዚያች ሃያ ቃል ይምጡ። ዓመቱን ሙሉ፣ በሁሉም ትምህርት፣ ለአሥራ ዘጠኝ ልጆች አይምጡ።

ትናንት ማታ እሷ ከተኛች በኋላ ከክምሩ መልሼ ያመጣሁትን ካርድ ከፕላስቲኩ አወጣሁት። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሒሳብ ላይ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ቦታ፣ ነጩ ማጥፊያ ደርቆ ጎበጥ ብሏል። ገልብጬ ከጀርባው በጣቴ ዳሰስኩት። የመምህሯ እስክሪብቶ ተጭኖ ኖሮ ቅርጹ ወጥቷል። ሁለቱ ስምንቶች በጀርባ በኩልም ስምንት ናቸው፤ 88 ይነበባል።

እሱንም ቢሆን ሰባት ጊዜ ስምንትን ለማታውቅ ልጅ ማን እንደሰጣት እንጃ።

ከሰላምታ ጋር፣
ከአሥራ ዘጠኙ አንደኞች የአንዷ አባት