ማስተካከያ፦ ሸኖንሶ ያለው ሎዋር ላይ አይደለም

ባለፈው ስለ ፈረንሳይ የሎዋር ሸለቆ ጉዞ ስጽፍ፣ የሸኖንሶ ቤተ መንግሥት በሎዋር ወንዝ ላይ ተሠርቷል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ወንዙ ሼር ነው፤ የሎዋር ገባር።

ቤተ መንግሥቱን ከወንዙ ማዶ የሚያገናኘውን ድልድይም ካትሪን ደ ሜዲቺ አሠራችው ያልኩት ልክ አይደለም። ያሠራችው የንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ውሽማ፣ ዲያን ደ ፖይቲዬ ናት። ንጉሡ በ1559 እ.ኤ.አ. ሲሞት ሚስቱ ካትሪን ሾሞን የሚባለውን ቤተ መንግሥት ሰጥታ ዲያንን ከሸኖንሶ አስለቀቀቻት። ከዚያ ድልድዩ ላይ ረጅሙን አዳራሽ ጨመረችበት። የሁለቱ አትክልት ስፍራዎች ዛሬም እንደ ጣውንት ተፋጠው ይታያሉ።

በዚያው ሸለቆ ያለውን የቪላንድሪን ቤተ መንግሥት ጓሮም «የአበባ» ማለቴ ቀርቶ «የአትክልት» ተብሎ ይነበብልኝ። በ9ኙ መደቦች ውስጥ በጥልፍ መልክ የተደረደረው ጎመን፣ ቀይ ሥርና ባሮ ሽንኩርት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ግን ማንንም ያሳስታል።