ማስተካከያ፦ «1928» እና የመልካ ዲዳው አምቡላንስ

ስለ ጦርነት ሕጎች ባለፈው ባወጣነው ጽሑፍ ሁለት ነገር አበላሽተናል።

የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ጣጣ ነው። «ጣልያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የጄኔቫ ፕሮቶኮል በ1928 አጸደቀች» ብለን አለፍን። በየትኛው አቆጣጠር? አልጻፍንም። በእኛ 1928 ደግሞ ጣልያን ራሷ ጋዙን ከአውሮፕላን ስታዘንብብን የነበረበት ዓመት ነው። ያነበበ ሰው «እያጸደቀች ነው እንዴ የምትረጨው?» ቢል አይፈረድበትም። ፕሮቶኮሉ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ጣልያን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1928፣ በእኛ በ1920 ዓ.ም. ነው። ወረራውን ስትጀምር ካጸደቀች ሰባት ዓመት አልፏታል።

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ መልካ ዲዳ ላይ በጣልያን አውሮፕላኖች የተደበደበውን የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ «አንድ መኪና» አድርገነዋል። ዛሬ አምቡላንስ ሲባል ሳይረን የሚያስጮህ ነጭ መኪና ነው ዓይናችን ላይ የሚመጣው። ያኔ ግን ቃሉ ተንቀሳቃሽ የጦር ሜዳ ሆስፒታል ማለት ነበር፦ ድንኳኖች፣ ሐኪሞች፣ የጭነት መኪናዎች፣ ውስጥ የተኙ ቁስለኞች። የቀይ መስቀል ምልክቱም ተሰቅሎ ነበር። ከሞቱት አብዛኞቹ ታካሚ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አንድ ስዊድናዊ የሕክምና ሠራተኛም ሞቷል።

በነገራችን ላይ ይህን ድብደባ የሚከለክለው የጋዙ ፕሮቶኮል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1929 ስለ ቁስለኞች የወጣው የጄኔቫ ስምምነት ነው። ዛሬ ሁሉም የሚጠቅሳቸው አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች ገና አልተጻፉም ነበር፤ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1949 ነው።