ካቴተር መግፋቱ ብቻ አይደለም

ስለ ስትሮክ ሕክምና ሥልጠና ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በስትሮክ የተዘጋን የአንጎል ደም ሥር በካቴተር (በደም ሥር ውስጥ በሚገፋ ቀጭን ቱቦ) የሚከፍቱ ሐኪሞች የተለየ ሥልጠና ግዴታ ይሁንባቸው ይላል። እስማማለሁ። የልብ ሐኪሞችም በአጭር ኮርስ ይሥሩት የሚለው ሐሳቡ ግን አልተዋጠልኝም። በብሽሽት ገብቶ ካቴተር መግፋት ለእጃቸው እንግዳ አይደለም፤ የአንጎል ደም ሥር ግን ቀጭንና ጠመዝማዛ ነው፣ ቢቀደድ ደሙ የሚፈሰው ራስ ቅል ውስጥ ነው። ከባዱ ሙያ ደግሞ የረጋውን ደም መሳብ ሳይሆን ለማን እንደሚጠቅም ከምስሉ መለየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙት ጥናቶች የረጋውን ደም በካቴተር ማውጣት የሚቻልበትን ጊዜ ከ6 ወደ 24 ሰዓት ያራዘሙት በምስል ለተመረጡ ሕመምተኞች ብቻ ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። የአጎቴ ፊት የተጣመመ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ «መጋኛ ነው» አለና መጀመሪያ ጠበል ተወሰደ። (ጠበሉን አልነቅፍም፤ ሆስፒታሉ ይቅደም ነው የምለው።) ሆስፒታል ስንደርስ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጥበት 4 ሰዓት ተኩል አልፏል። አዲስ አበባ እንውሰደው ብንል መንገዱ ከ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እናም ስለ ሥልጠና ደረጃ የሚጽፉ ሰዎች የድንገተኛ ክፍሉን ተረኛና የጤና ጣቢያዋን ነርስ ለምን ይረሷቸዋል? አጎቴ ዛሬም ቀኝ እጁን አያነሳም።