ማስተካከያ፦ ስለ በጎቹ በሽታና ስለ ክትባቱ

ባለፈው ሳምንት የፎገራና የባህር ዳር ዙሪያ በጎችን «ደስታ» የሚባለው በሽታ ይዟቸዋል፣ ክትባቱም ሰበታ ነው የሚመረተው፣ የሰብል በሽታም እዛው ነው የሚጠናው ብዬ ጽፌ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይቅርታ።

ደስታ የከብት በሽታ ነበር፣ በፈረንጆች 2011 ከዓለም ጠፍቷል ተብሎ ታውጇል። በግና ፍየል ላይ ያለው «ደስታ መሰል» የሚባለው ነው፣ ቫይረሶቹ ይዛመዳሉ እንጂ አንድ አይደሉም። አንድ የወረታ እናት ደውለው «ልጄ፣ ደስታ ጠፍቷል ከተባለ በጎቼን ማስከተብ ምን ያደርግልኛል» ሲሉኝ ነው የደነገጥኩት፣ በኔ ጽሁፍ ምክንያት በጎቻቸውን ሳያስከትቡ ሊቀሩ ነበር እኮ! ያስከትቡ እማማ፣ ክትባት አለው፣ ከያዘ በኋላ ግን ቫይረሱን የሚገድል መድሃኒት የለም። አይንና አፍንጫቸው ካፈሰሰ፣ አፋቸው ከቆሰለ፣ ካስቀመጣቸው ቶሎ ለይቶ ማሰር ነው፣ ገበያ ማውጣት በፍጹም።

ሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ዋና ስራው ምርመራ ነው፣ ናሙና አይቶ በሽታውን ይለያል። ክትባት የሚመረተው ቢሾፍቱ ነው። የሰብል በሽታ የሚጠናው ደግሞ አምቦ፣ ድሮ የእፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ይባል የነበረው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ለኛ ቅርቡ ግን እዚሁ ባህር ዳር ያለው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላብራቶሪ ነው፣ መጀመሪያ ለቀበሌያችሁ የእንስሳት ሀኪም ንገሩ።

የድሮውን ጽሁፍ ሼር ያደረጋችሁ ይሄንንም አድርጉልኝ በእናታችሁ።