ሁለት አገር ግብር ይጠይቃል፣ መልስ የሚሰጥ ግን የለም

ሁለት አገር ኑሮ ያለው ሰው ስለ ግብር ሲጠይቅ ሁሌም የሚሰማው አንድ ምክር ነው። «ከ183 ቀን በታች ቆይ፣ ምንም አትሆንም!» በዓመት ከዚያ በታች ከቆየህ ያ አገር ነዋሪዬ ነህ ብሎ ግብር አይጠይቅህም ማለታቸው ነው። እባካችሁ ይህን ምክር ለሰው መስጠት አቁሙ። ስንቱን ዕዳ ውስጥ የሚከተው እሱ ነው።

አሜሪካን እንይ። የሚቆጠረው የዘንድሮ ቀን ብቻ አይደለም። የዘንድሮው ሙሉ፣ የአምናው ሲሶ፣ የካቻምናው አንድ ስድስተኛ ይደመራል። በየዓመቱ 122 ቀን የሚቆይ ሰው በሦስተኛው ዓመት 183 ሞላ ማለት ነው። ብሪታንያ ደግሞ ከ2013 ጀምሮ በሚሠራበት ሕጓ ከቀኑ ጋር ትስስርንም ትመዝናለች። ቤት አለህ? ቤተሰብ አለህ? ሥራ አለህ? በቅርብ ዓመታት ነዋሪ የነበረና ትስስሩ የበዛ ሰው 16 ቀን ቆይቶ እንኳ ነዋሪ ሊባል ይችላል። የቀን ቆጠራው ራሱ አይገጥምም። አሜሪካ በጥቅሉ ጥቂት ሰዓት የቆየበትንም እንደ ሙሉ ቀን ትይዛለች። ብሪታንያ በዋናነት የምትጠይቀው እኩለ ሌሊት ላይ የት እንደነበረ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ቀን በሁለቱም ዘንድ ሊቆጠር ይችላል።

«ስምምነት አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ድርብ ግብርን ለማስቀረት ብዙ አገሮች የተፈራረሙት ውል አለ። የተለመደው ቅደም ተከተል መጀመሪያ ቋሚ መኖሪያ ቤቱ የት እንደሆነ ያያል። በሁለቱም ካለው የኑሮውና የጥቅሙ ማዕከል ይታያል። ያ ካልለየ አዘውትሮ የሚኖርበት፣ ቀጥሎ ዜግነቱ። ይህ ሁሉ ካልፈታው ሁለቱ መንግሥታት ይነጋገራሉ። የአሜሪካ ዜጋ ከሆነ ግን ይህም ብዙ አያድነውም። የትም ቢኖር አገሩ በዜግነቱ ግብር ትጠይቀዋለች።

እኔን የሚያንገበግበኝ ያ «የኑሮ ማዕከል» የሚባለው ነው። በምን ይለካል? ልጆች በሚማሩበት? የታመመች እናት ባለችበት? ደመወዝ በሚገባበት? ሰው ኑሮው ለሁለት የተከፈለው ወዶ አይደለም። እሱን ግን በወረቀት አስረዳ ይባላል። የኪራይ ውል፣ የመብራት ክፍያ፣ የአውሮፕላን ትኬት። የመንግሥታቱ ንግግር ደግሞ በአማካይ በ24 ወር እንዲያልቅ ነው በዓለም አቀፍ ደረጃ የታሰበው። ሁለት ዓመት! በዚያ መሀል የሚጨነቀው ሰውየው ብቻ ነው።

ባለሙያ ጋ ስሄድ «የዚያኛውን አገር እዚያው ጠይቅ» አለኝ። የዚያኛው አገር ባለሙያም ወደዚህ መለሰኝ። ሁለቱም ግን አስከፈሉኝ። ሁለቱን ሕግ አጋጥሞ የሚያይ ሰው ማግኘት ከባድ ነው፣ ከተገኘም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ሀብታሙ ጠበቃ ቀጥሮ ያስተካክላል። የሚጎዳው ነርሱ፣ ጡረተኛው፣ ወላጅ ለማስታመም የሚመላለሰው ነው።

የግብር ዓመቱም ሌላ ጣጣ ነው። አሜሪካ በጃንዋሪ 1 ትጀምራለች፣ ብሪታንያ በኤፕሪል 6፣ አውስትራሊያ በጁላይ 1። አንዱ አገር «እዚያ የከፈልከውን እንዳካክስልህ ማረጋገጫ አምጣ» ይላል። እዚያ ዓመቱ ገና አልተዘጋም። አንዱ ከግብር ነፃ ያለውን ቁጠባም ሌላው ግብር ይጥልበታል።

ደሞ አይችሉም እንዳንል ሲፈልጉ ይችላሉ። በ2014 በወጣው መስፈርት መሠረት ከመቶ በላይ አገሮችና ግዛቶች የባንክ ሒሳብ መረጃ በየዓመቱ ይለዋወጣሉ፤ ባለቤቱ ሳይጠየቅ። የማንን ሒሳብ ማን ጋ እንደሚልኩ ካወቁ፣ ያንኑ ሰው ነዋሪህ ነው ወይስ ነዋሪዬ ብለው ቀድመው መነጋገር ለምን ያቅታቸዋል? አንድ የጋራ ቅጽ ይኑር። ሁለቱም አገር የሚቀበለው አንድ ማረጋገጫ ይሰጠን። ከዚያ የሚገባንን ከፍለን ወደ ሥራችን እንሄዳለን።